ሥራና ሠሪው፤ የሥራ መዘርዝር ታሪክ ከማዕረግ ስም እስከ ኮልፌ ቀራንዮ

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገር ቃሉ ቢያጥርም ሐሳቡ ሰፊ ነው። አጥር ማጠር የማያውቅ ሰው እሾህ ቢነካ እጁን ይወጋል እንጂ አጥር አይሠራም። እንደዚሁም ማናቸውም ሥራ የታወቀ ባለቤት ከሌለው፣ ባለቤቱም የሥራውን ልክና ወሰን ካላወቀው፣ ሥራው ይበላሻል፤ ሠሪውም ይጎዳል። አባቶቻችን በአንድ መስመር የተናገሩትን ይህን ሐሳብ የዛሬው ዘመን በወረቀት ላይ አስፍሮ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አስቀምጦታል። ይህም ወረቀት የሥራ መዘርዝር የሚባለው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፋችን የሥራ መዘርዝር በአገራችን ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደ ደረሰ፣ ሠራተኛን በማስተዳደር ረገድ የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉድለት ምን እንደ ሆነ ለአንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

የሥራ መዘርዝር በመልኩ እጅግ ቀላል ነገር ነው። በራስጌው የሥራው መደብ መጠሪያ ይጻፋል፤ ከዚያም ተጠሪነቱ ለማን እንደ ሆነ፣ የሥራው ዓላማ ምን እንደ ሆነ፣ ዋና ዋናዎቹ ተግባሮች በተራ ቁጥር፣ በመጨረሻም ሥራውን ለመያዝ የሚያስፈልገው ትምህርትና የሥራ ልምድ ይዘረዘራል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚህ ወረቀት ላይ የሰው ስም አለመኖሩ ነው። ወረቀቱ የሚለካው ወንበሩን እንጂ ተቀማጩን አይደለም። ሰው ይሾማል፣ ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ይሞታል፤ ሥራው ግን በቦታው ይቆያል። ሰውንና ሥራን እንዲህ ለይቶ ማየት ዛሬ ተራ ነገር ይመስለን ይሆናል፤ ዳሩ ግን ወደዚህ አስተያየት ለመድረስ ብዙ ትውልድ አልፏል።

ወደ ጥንቱ የቤተ መንግሥት ሥርዓት የተመለስን እንደ ሆነ፣ የሥራ መዘርዝር በወረቀት ሳይሆን በማዕረግ ስም ተጽፎ እናገኘዋለን። ፊታውራሪ ማለት በጦር ሜዳ በፊት የሚመራ፣ ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ የሚያዘምት ማለት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ትእዛዝ ይጽፋል፤ አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም ፍርድ ይሰጣል፤ በጅሮንድ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል፤ ባልደራስ የፈረሱን ቤት ያስተዳድራል፤ ነጋድራስ በነጋዴዎች ላይ ተሾሞ ቀረጥ ያስከፍላል፣ ጠባቸውንም ይዳኛል። እልፍኝ አስከልካይ ወደ እልፍኝ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል፤ አጋፋሪ በግብር ጊዜ እንግዳውን እንደ ማዕረጉ ያስገባል። ሊቀ መኳስም በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ፣ ማለትም ለሞት በንጉሡ ፈንታ የሚቆም ሰው ነበረ። እንግዲህ ስሙ ራሱ ለባለሥልጣኑ ተግባሩን ይነግረው ነበርና «ሥራዬ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያንም በኩል ሥርዓቱ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የደብሩን አስተዳደር አለቃው ይመራል፤ ማኅሌቱን መሪጌታው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀው ገበዙ ነው። ለቅዳሴም ቢሆን የካህናቱና የዲያቆናቱ ድርሻ እያንዳንዱ በየፊናው ተለይቶ የታወቀ ነው። አንዱ የሌላውን ድርሻ ቢወስድ ወይም ቢተው ሥርዓቱ እንደሚጓደል ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የሥራን ድርሻ ለይቶ መስጠት ከውጭ አገር በቅርቡ የገባ ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች ቢኖሩ ወደ ማንኛውም ደብር ገብተው ቢመለከቱ በቂ መልስ ያገኛሉ።

ዳሩ ግን ዘመን በረዘመ ቁጥር ስሙና ሥራው እየተለያዩ ሄዱ። ማዕረግ የሥራ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የክብር ስጦታ እየሆነ መጣ። በፊት ሆኖ አንድም ቀን ጦር ያልመራ ፊታውራሪ፣ የቀኝ ክንፍ አዝምቶ የማያውቅ ቀኛዝማች በየአገሩ በዛ። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ሹመት የሥራ ኃላፊነት ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነበር፤ ሹሙ የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን ከተሾመበት አገር በሚያገኘው ግብር ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አነጋገር ከዚህ ዘመን የተረፈን ምስክር ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሹመት የሚበላ እንጂ የሚሠራ ነገር ሆኖ አይታይም። የሥራ መዘርዝር ታሪክ በአገራችን በእውነቱ ከዚህ አነጋገር ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ትግሉ በጽሑፍ የጀመረበትን ጊዜ ብንፈልግ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን የሾሙበትን ዓመት እናገኛለን። በዚያ ጊዜ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆነው ተሾሙ፤ ሌሎቹም እንዲሁ በየሥራቸው ተመደቡ። አንባቢ እነዚህን ስሞች ልብ ብሎ ቢመለከታቸው አሮጌው ማዕረግና አዲሱ የሥራ ስም ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ቀድሞ አፈ ንጉሥ መባል ብቻውን የፍርድን ሥራ ያስታውቅ ነበር፤ አሁን ግን የፍርድ ሚኒስትር የሚል ሌላ ስም ተጨመረ። ይህ የሚያሳየን ማዕረጉ ሥራውን ለመግለጽ እንዳልበቃ መታወቁን ነው። የመንግሥት ሥራ በርክቶ ነበር፤ ስልክና ፖስታ፣ ባንክና የምድር ባቡር፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ውል ሁሉ በቀድሞዎቹ ስሞች ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት እንደ ገና ሲቋቋም ሥራን በሕግ መወሰን ከመጀመሪያዎቹ ተግባሮች አንዱ ሆነ። ነጋሪት ጋዜጣ በመጋቢት 1934 ዓ. ም. መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 የጠቅላይ ግዛት ገዢዎችንና በሥራቸው ያሉትን ሹማምንት ተግባር ዘርዝሮ ወሰነ፤ ሹማምንቱም ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሚከፈል ደመወዝ እንዲተዳደሩ መንገድ ከፈተ። በ1935 ዓ. ም. ደግሞ የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ወጣ። እነዚህ ሁለት ሕጎች አንድ ላይ ሲታዩ ትልቅ ለውጥ ያመለክታሉ። ደመወዝ ሹሙን ከሚያስተዳድረው ሕዝብ ማዕድ ለየው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ለደመወዙ ምን መሥራት እንዳለበት ነገረው። ዝርዝር ያለ ደመወዝ ቢሆን ባዶ ምክር በሆነ ነበር፤ ደመወዝ ያለ ዝርዝር ቢሆን ደግሞ ያው የሚበላ ሹመት በሌላ ስም በሆነ ነበር።

እነዚህ ሕጎች ግን የተናገሩት ስለ ሚኒስትሩና ስለ ገዢው እንጂ ስለ መዝገብ ቤቱ ጸሐፊ፣ ስለ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ስለ ተላላኪውና ስለ ዘበኛው አልነበረም። ታናሹ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቀው ከአለቃው ቃል ነበረ። አለቃው በተለወጠ ጊዜ ሥራውም ይለወጥ ነበር፤ አለቃው በተቆጣም ጊዜ ሥራው ይበዛ ነበር። በዚህ ጊዜ በሌላው ዓለም ጉዳዩ ሩቅ ሄዶ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር በ1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የፋብሪካን ሥራ በጥቃቅን ክፍል ከፋፍሎ መለካትን አስተማረ። ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ዌበር ደግሞ የዘመናዊ መሥሪያ ቤት ዋና ምልክቱ እያንዳንዱ ሹም በደንብ የተወሰነ የሥራ ክልል ያለው መሆኑ ነው ሲል አስረዳ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1923 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ሥራዎች በተግባራቸውና በኃላፊነታቸው ክብደት እንዲመደቡ፣ ደመወዝም ለሰውየው ሳይሆን ለሥራው እንዲወሰን አደረገ።

ይህ አሠራር በአገራችን ለታናሹም ለታላቁም የመንግሥት ሠራተኛ እንዲደርስ የተደረገው በ1954 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድነት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የመንግሥት አገልግሎት ደንብ ስለ ቅጥር፣ ስለ ዕድገት፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ዲሲፕሊን ወጥ የሆነ ሥርዓት አበጀ። ከዚያም አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972፣ የሥራ መደቦች ምደባና የደመወዝ ስኬል ደንብ ወጣ። በሁለቱ ደንቦች መካከል ያለፈው አሥር ዓመት በከንቱ የዋለ አይደለም። ሥራን መመደብ ከባድ ድካም ነውና። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሠራተኛ በቀን ምን እንደሚሠራ መጠየቅ፣ የተጠየቀውን መጻፍ፣ የተጻፈውን ከአለቃው ቃል ጋር ማመሳከር፣ ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ መደብ ሥር ማኖር፣ ከዚያም አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚከብድ መወሰን ያስፈልጋል። ጸሐፊ የሚል አንድ ስም የያዙ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ደብዳቤ ይገለብጣል፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ያረቃል። ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው እኩል ይከፍላቸዋል፤ ሥራቸውን ያየ ግን ይለያቸዋል።

የሕጉን ታሪክ እዚህ ላይ ገታ እናድርግና የነገሩን ሕይወት በአንድ አካባቢ እንመልከት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ የሚመች ቦታ ነው። ከስሙ አንደኛው ክፍል ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። አጠና ተራ፣ አየር ጤና፣ ካራ ቆሬ፣ ቤቴል፣ ዘነበወርቅ የሚባሉት ሰፈሮች በዚሁ ይገኛሉ። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ አካባቢ ለዓለም ታሪክ የተረፉ ሁለት የሥራ ቦታዎች አሉ፤ አንደኛው የፖሊስ ማሠልጠኛ፣ ሁለተኛው ሆስፒታል።

ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈርና ማሠልጠኛ የነበረበት ቦታ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ. ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የወታደርነትን ትምህርት የተማሩት በዚህ ነው። ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ የታሰበው ትምህርት ሳያልቅ ድርጅታቸው ወደ አገራቸው ጠራቸው፤ ወዲያው እንደ ተመለሱም ተያዙ። ማንዴላ የሕይወት ታሪካቸውን በጻፉበት መጽሐፍ ውስጥ ከተኩስና ከፈንጂ ትምህርት ሌላ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ የሰሙትን ምክር ያነሣሉ። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አዛዥ በሥራ ላይ ሳለ ያለ ማመንታት ማዘዝ አለበት፤ ከሥራ ውጭ በሆነ ጊዜ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል መሆን፣ የሚበላውንም አብሮ መብላት ይገባዋል። ይህ ምክር ለነጻነት ሠራዊት የተነገረ ቢሆንም ከጽሑፋችን ነገር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሥልጣን የሥራው ነው እንጂ የሰውየው አይደለም ማለት ነውና። አዛዥነት ከሥራው ጋር ይጀምራል፣ ከሥራውም ጋር ያበቃል። ከሥራ በኋላ አዛዥነቱን ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄድ፣ የመሥሪያ ቤቱን ተላላኪ የግል ጉዳዩን እንዲያስፈጽም የሚልክ አለቃ ይህን ትምህርት አልተማረም። የሥራ መዘርዝር ለተላላኪው የሚሰጠው የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ የታዘዘው ነገር የመሥሪያ ቤቱ ይሁን የአለቃው ይለይበታል።

ሁለተኛው የሥራ ቦታ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ያለው አለርት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመውና ከጠላት ወረራ በፊት በዶክተር ቶማስ ላምቢ አማካይነት ከተመሠረተው የሥጋ ደዌ ሕክምና ቤት ነው። በ1958 ዓ. ም. በዚሁ ቦታ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና፣ ማቋቋሚያና ማሠልጠኛ የሚሆን ድርጅት ተቋቋመ። በአጠገቡም የሥጋ ደዌን ጀርም በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም ቆመ። በዚህ ቦታ የሥራ ድርሻን ለይቶ ማወቅ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደ ሆነ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ምክንያቱን እንግለጽ። ሥጋ ደዌ እጅንና እግርን የሚያበላሸው ራሱ ሥጋን በመቁረጥ ሳይሆን ነርቭን በመጉዳት ነው። ነርቩ ሲጎዳ እጅና እግር ስሜት ያጣሉ። ስሜት ያጣ እግር እሾህ ሲወጋው አያውቅም፤ ስሜት ያጣ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም። ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ አጥንቱ ይጎዳል፤ ጣት ያጥራል። ዳሩ ግን የነርቩ ጉዳት ከጀመረ ስድስት ወር ሳይሞላው ቢታወቅ በመድኃኒት ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ግን ዕድሉ እጅግ ይጠብባል። ስለዚህ አንድ በሽተኛ መድኃኒቱን ሊወስድ በመጣ ቁጥር እጁንና እግሩን ነካ ነካ አድርጎ ስሜቱን የሚመረምር፣ የጡንቻውንም ኃይል የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሰው ማን ነው? ሐኪሙ «ይህ የፊዚዮቴራፒ ሠራተኛው ሥራ ነው» ቢል፣ የፊዚዮቴራፒ ሠራተኛው «ነርሷ ታየዋለች» ብሎ ቢያስብ፣ ነርሷም «በሽተኛው ወደ እኔ የመጣው ለመድኃኒት ነው» ብትል፣ ከሦስቱ አንዳቸውም አላጠፉም፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ሥራ በትጋት ሠርተዋል። እጁ ግን ይጠፋል። ለተሐድሶ ቀዶ ጥገናው ብልህ ሐኪም፣ ስሜት ላጣ እግር የሚስማማ ለስላሳ ጫማ የሚሠራ ባለሙያ፣ የቆዳ ናሙና በማጉያ መነጽር የሚመረምር የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ በየገጠሩ እየዞረ መድኃኒት ያቋረጠውን የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ሁሉ ቢኖሩ እንኳ፣ ያች አንዲት የምርመራ ተግባር በአንድ የታወቀ ሠራተኛ ስም በጽሑፍ ካልሰፈረች የሌሎቹ ድካም ግማሹ ከንቱ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ ሥራ ሲካፈል ይቀላል፤ ነገር ግን ሲከፋፈል አንዲት ሎሚ መሬት ላይ ወድቃ እንዳትቀር ቆጥሮ የሚያድል ያስፈልጋል። የሥራ መዘርዝር ቆጣሪው ነው።

በጤና ጥበቃ ሥራ ይህ ጥበብ በሌላም ስፍራ ፍሬ ሰጥቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሐኪም በማይገኝበት አገር የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና ንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው እንዲሠሩ፣ እያንዳንዳቸውም ድርሻቸውን እንዲያውቁ አድርጎ አስተማረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገራችን የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ወጣት ሴቶች አሥረኛ ክፍል ከጨረሱ በኋላ አንድ ዓመት ተምረው ተመደቡ፤ ሥራቸውም በ16 ክፍሎች ተዘርዝሮ ተሰጣቸው። ከሠላሳ ሺህ በላይ የሆኑት እነዚህ ሠራተኞች የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለማሻሻል የቻሉት በትጋታቸው ብቻ ሳይሆን ከመጸዳጃ ጉድጓድ እስከ ክትባት ድረስ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ስለ ተነገራቸው ጭምር ነው። ዳሩ ግን ከጊዜ በኋላ ክፍሎቹ እየተጨመሩ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ሌላ ጉዳይም በትከሻቸው ላይ እየተጫነ መሄዱን ልንሸሽገው አይገባም።

ይህም ወደ ሌላው የነገሩ ገጽ ይመራናል። በብዙ የሥራ መዘርዝሮች መጨረሻ ላይ አንድ የታወቀ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም በቅርብ ኃላፊው የሚታዘዙ ሌሎች ሥራዎችን ያከናውናል የሚለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር በጥንቃቄ ከተያዘ ጠቃሚ ነው፤ ሰው ሁሉን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና። ያልታሰበ እንግዳ፣ ድንገተኛ ሥራ፣ የታመመ ባልደረባ ይኖራል። ነገር ግን ጥንቃቄ ከጎደለ ይህች የመጨረሻ መስመር ከላይዋ ያሉትን ሁሉ ትሽራለች። በመዝገብ ቤት የተቀጠረች ሠራተኛ በአንድ በኩል ሻይ እንድታፈላ፣ በሌላ በኩል የሒሳብ ወረቀት እንድታሰናዳ ትታዘዛለች፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የሥራ ውጤቷ የሚለካው በመዝገብ ሥራዋ ብቻ ነው። ያልተጻፈውን ሠርታ ባልሠራችው በተጻፈው ትወቀሳለች። እንዲህ ያለው በደል ድምፅ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ከሥራ እስክትሰናበት ድረስ አይሰማም። ስለዚህ «ሌሎች» የሚለው ቃል ከመደቡ ሥራ ጋር ለሚመሳሰልና ለአጭር ጊዜ ለሆነ ተግባር ብቻ እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ የቆየው ሥራ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ በቁጥር ገብቶ ክፍያውም እንዲታይ ማድረግ የአስተዳዳሪዎች ግዴታ ነው እንላለን።

የግል ድርጅት ሠራተኛን በሚመለከት ሕጉ ከዚህ ጋር የሚስማማ መንገድ ይዟል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ከሌሎች ውሎች ለይቶ ደነገገ። በ1955 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ. ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ከብዙ ለውጥ በኋላ በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ውል ውስጥ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ ልክና አከፋፈል፣ ውሉም የሚጸናበት ጊዜ እንዲገለጽ ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይህንኑ የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሠራተኛው በውሉ የተመለከተውን ሥራ ራሱ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ አሠሪውም እንደ ውሉ ሥራ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከዚህም ጋር ሕጉ አንድ ብልህ ነገር ጨምሯል፤ አደጋ በደረሰ ወይም ሊደርስ በተቃረበ ጊዜ ሠራተኛው የራሱን ደኅንነት ሳይጎዳ ተገቢውን እርዳታ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መጋዘን ሲቃጠል «ውኃ መድፋት በዝርዝሬ የለም» የሚል ምክንያት አይሠራም ማለት ነው።

በእውነቱ ይህ ምክንያት የሥራ መዘርዝር ሁለተኛው በሽታ ነው። የመጀመሪያው በሽታ ዝርዝሩን የሚሽር አለቃ ነው ብለናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዝርዝሩ ጀርባ የሚደበቅ ሠራተኛ ነው። ባለጉዳይ ከሩቅ ሰፈር ተነሥቶ ይመጣል፤ የመጀመሪያው መስኮት «ይህ የእኔ አይደለም» ይለዋል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ሦስቱም ዝርዝራቸውን ጠብቀዋል፤ ዝርዝሩ የተጻፈለት ሰው ግን ባዶ እጁን ተመልሷል። ስለዚህ በመዘርዝሩ ላይ ከተግባሮቹ በላይ የሥራው ዓላማ መጻፉ ለይስሙላ አይደለም። ተግባር የሚነግረን ምን እንደምንሠራ ነው፤ ዓላማው ለማን እንደምንሠራ ይነግረናል። «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል «የእገሌ ነው፤ ላሳይዎት» የሚል ካልተከተለው ግማሽ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር እንጨምር። ዝርዝር ኃላፊነትን ሲሰጥ ሥልጣንንና መሣሪያን አብሮ ካልሰጠ ፍትሕ አይሆንም። ዕቃ ጠባቂውን ለጠፋው ዕቃ ተጠያቂ አድርጎ ቁልፉን ለሌላ ሰው የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ወጥመድ አዘጋጅቷል እንጂ ሥራ አልሰጠም። እንዲሁም ዝርዝሩ ሥራውን በሚያውቀው ሠራተኛ ፊት ካልተጻፈ፣ ሥራው ሲለወጥም ካልታደሰ፣ ማዕረጎቻችን የደረሰባቸው ነገር ይደርስበታል። ጦር ያልመራው ፊታውራሪ ዛሬ ባለሙያ፣ ከፍተኛ ባለሙያ የሚል መጠሪያ ይዞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ስምና ሥራ በወረቀትም ላይ ይለያያሉና።

በመንግሥት በኩል ይህን ለማረም የተደረገው ጥረት እስከ ቅርብ ጊዜ ቀጥሏል። በ2010 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሥራ መደብን የተረጎመው በአንድ ሠራተኛ እንዲከናወኑ የተሰጡ ተግባሮችና ኃላፊነቶች ናቸው በሚል አስተያየት ነው። በዚያው ዘመንም ሥራዎች የሚጠይቁት ዕውቀት፣ ጥረት፣ ኃላፊነትና የሥራ ሁኔታ በነጥብ እየተመዘነ ደረጃ እንዲሰጣቸው ተደረገ። ምዘናው በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ቅሬታ አስነሣ፤ ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ሰው ሥራው ሲመዘን ራሱ የተመዘነ ይመስለዋልና። ቅሬታው ራሱ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሠራተኛው ቅር ሲለው ሊጠቅሰው የሚችለው ጽሑፍ አለው ማለት ነው። አያቱ በአለቃው ቃል ቅር ባለው ጊዜ የሚጠቅሰው ምንም አልነበረውም።

እንግዲህ ከሊቀ መኳስ እስከ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የተጓዝነው መንገድ የሚያሳየን ይህን ነው። የሥራ መዘርዝር የሠራተኛ መብትም፣ የአለቃ መለኪያም፣ የሕዝብ መተማመኛም ነው፤ ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ሲውል ግን ይጎብጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ኃላፊዎች በእጃቸው ያሉትን መዘርዝሮች አውጥተው ከሠራተኞቻቸው ጋር እንደ ገና ቢያነቡአቸው፣ «በዚህ መካከል ማንም ያልያዘው ሥራ የትኛው ነው?» ብለውም ቢጠይቁ መልካም ነው። ዘነበወርቅ ደጃፍ ላይ የቆመው በሽተኛ ስሜት ያጣ እጁን የሚዳስስለት ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ ራሱ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ያ ሠራተኛ ግን ራሱን ማወቅ አለበት።